የእጅጌው ልክ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን፤ የጎደለን ያንቺ ሳቅ ብቻ ነው።

እልል በይልኝ፣ በሽታዬ ስም ወጣለት! ያን አስራ አንድ ዓመት ሙሉ «ውፍረት ነው፣ ቀንሺ» ሲሉኝ የኖሩትን የክንዴን እብጠት አዲሷ ሐኪም ዳስሳ፣ «የተለየ ዓይነት የስብ እጢ ነው። ብዙ ሰው ላይ አይታይም፤ አይገድልም፣ ግን በጣም ያማል» አለችኝ። ያማል ስትል አቅፌ ልስማት ምንም አልቀረኝም! ባለቤቴ እንኳ «እኔ እኮ ስራ ጠልተሽ መስሎኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። አሁን የስፌት ቤቱን ከባድ ካውያ የሚገፋው እሱ ነው፤ ጨርቅ ሲያቃጥል ብታዪው በሳቅ ትሞቺ ነበር።

ሐኪሟ «ከቤተሰብ እንዲህ የሚያመው አለ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። «ኧረ ማንም የለም» አልኳት፣ አፌን ሞልቼ።

ቅዳሜ ለልጄ የምርቃት ቀሚሷን ልሰፋላት ለካኋት። ሜትሩን ክንዷ ላይ ጠበቅ ሳደርገው «እማ፣ ቀስ!» ብላ እጇን ነጠቀችኝ። «ምነው፣ ሜትር እኮ ነው፣ እባብ አይደለም» ብዬ አሳቅኳት። እጅጌውን ሁለት ጣት ያህል አስፍቼ ቆረጥኩት፤ ዘንድሮ ፋሽኑ ሰፊ ነው ብያታለሁ። ለቀጠሮዬም ይዣት እሄዳለሁ፤ እንድትሸኘኝ ብቻ ነው ያልኳት።

ከዚያው ጨርቅ ላንቺም የሚሆን ተርፎኛል። የክንድሽን ልክ ላኪልኝ፤ ስትለኪ ሜትሩን እንደ እኔ ጠበቅ አድርጊው። ካመመሽ ግን እንዳትደብቂኝ፣ የእናቴ ልጅ።

ስትመጪ ቀስ ብላ የምታቅፍሽ፣
እህትሽ