ቅቤ ስለጠጣው ፍሪሲዮንዎ እና ስለ ወይዘሮ ደብሪቱ አንገት

ለክቡር ካፒታኖ ብሩኔሊ፣ ከዘመሮ ገበያ በላይ ላለው ምሽግ አዛዥ፤
ግልባጩ ገበያ ለወጣ ሁሉ፣ ማንበብ ለማይችልም በሚችል ሰው አፍ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በተለይ ጉልበትዎና ትንፋሽዎ ያሳስቡናል፤ ባለፈው ሳምንት በጓሳ ቁልቁለት ቆብዎንም ሞተር ሳይክልዎንም ጥለው ሲወርዱ ያየንዎ ሁሉ፣ በዚህ ዕድሜ እንዲህ የሚሮጥ ሹም አይተን ስለማናውቅ፣ ልብዎን እንዳያምዎ ስንሰጋ ከርመናል። እኛ፣ ያልተቃጠልነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህን ለመጻፍ የደፈርነው፣ ሞተር ሳይክሌን በቅቤ አበላሽታለች ያሏቸው ወይዘሮ ደብሪቱ በመጪው የገበያ ቀን እንደሚሰቀሉ ነጋሪት ማስመታትዎን ስለሰማን ነው። ገመዱ ከመታሰሩ በፊት የነገሩን አካሄድ እናስታውስዎ ዘንድ ይፍቀዱልን።

፩ኛ. ስለ ጩኸቱ። ክቡርነትዎ ፍሪሲዮን የሚባለውን መያዣ በግራ እጅዎ በጨበጡ ቁጥር ሞተር ሳይክልዎ ጠጠር እንደሞላ ቅል ይንቋቋ ነበር። እኛ በዚህ ድምፅ ላይ አንድም ቀን አቤቱታ አቅርበን አናውቅም፤ እንዲያውም ባለውለታችን ነበር። ከወንዙ ማዶ ማርሽ ሲለውጡ እናቶች ልጆቻቸውን ያዝላሉ፣ በጉም ወደ ገደሉ ይነዳል፣ ክቡርነትዎ ክብሪት ይዘው ሲደርሱ የሚቀበልዎ ባዶ ቤት ብቻ ነው። ባለፈው ኅዳር ግን ነፋሱ ድምፁን ወደዚያ ወሰደብንና አቶ ወዳጆን ከአውድማቸው ላይ መንሽ እንደያዙ አገኟቸው። ገብሱ ደም ስለጠጣ ለዘርም ለእህልም አልሆነም። መንሹን የጦር መሣሪያ ነው ብለው ለበላይዎ ማመልከትዎን ስንሰማ በዓይንዎ ጥራት ተደንቀናል።

፪ኛ. ስለ ባናው። ቤቱን ሁሉ ባዶ የሚያስቀርብዎ ያ ጩኸት መሆኑን ሲደርሱበት፣ የአቶ ወዳጆን ባለቤት ወይዘሮ ተናኘወርቅን ከሐዘን መደባቸው አስነሥተው፣ የደረቡትን ባና ገፈው የሞተሩን ብረት ጠቀለሉበት። የመንዝ በግ ጠጉር ብርድ መከላከሉ እውነት ነው፤ የክቡርነትዎ ብረት ግን አልበረደውም ነበር። ባናው ጨሰ፤ ጩኸቱን ያልሰማ ሁሉ ጭሱን አየ። በዚህም ወይዘሮ ተናኘወርቅን አስገርፈዋል፤ የሸማኔያችንን ጉድለት በሐዘንተኛ ጀርባ ላይ ስላረሙልን ከልብ እናመሰግናለን።

፫ኛ. ስለ ቅቤው። ቀጥለው ሽማግሌዎቻችንን ሰበሰቡና፣ በእናንተ አገር የሚጮህ ነገር በምን ዝም ይላል ብለው በአስተርጓሚ ጠየቁ። እነሱም የሚያውቁትን ተናገሩ፤ ኮርቻ ሲንቋቋ ቅቤ፣ ጠፍር ሲደርቅ ቅቤ፣ ራስ ሲያም ቅቤ። በቅንነት መለሱ፣ ክቡርነትዎም በቅንነት አመኑ። ወይዘሮ ደብሪቱ ለፋሲካ ያስቀመጡትን ቅቤ ከነቅሉ እንዲያመጡ ታዘዙ፤ አመጡ። ብረቱን ዞረው ዞረው አይተው፣ «ጌታዬ፣ ይኼ ነገር አናቱ በየት በኩል ነው?» ብለው እንደጠየቁ፣ ክቡርነትዎም የፍሪሲዮኑን ክዳን አስከፍተው በገዛ ጣትዎ እንዳሳዩአቸው ምሽጉ ሁሉ ይመሰክራል። በዚህ ጉዳይ መሰቀል ያለበት ካለ ጣትዎ ነው።

፬ኛ. ስለ ጓሳው። ጩኸቱ በእርግጥ ቀነሰ። ክቡርነትዎም ማንም ሳይሰማዎ እኛን ከነቤታችን ሊያቃጥሉ ባንዶችዎን አስከትለው ተነሡ። ዳገቱ ላይ ግን ሞተሩ እያጓራ ጎማው አልዞርም አለ። ቀድሞ በደሴ መንገድ ካሚዮን ይነዳ የነበረው ጓዳችን አበጀ በኋላ ፈቶ እንዳሳየን፣ ይህ ፍሪሲዮን ደረቅ ነው፤ ዝርግ ብረቶቹ ተናክሰው ጎማውን የሚያዞሩት በደረቅነታቸው ነውና ቅቤ ሲነካቸው ይንሸራተታሉ። ክቡርነትዎ ወርደው መግፋት ጀመሩ። እኛ ሳሩ ውስጥ ተኝተን ነበር፤ ሽማግሌዎቻችን ጓሳውን ከአጫጅና ከከብት ከዘጉት ዓመታት ስላለፉ፣ ማጭድ ያልነካው ሳር ሰው ይሸፍናል። ባንዶችዎ እዚያው ቀሩ፤ አናቱ የፈረሰ ነበረ፣ አንጀቱን በእጁ ይዞ እናቱን የሚጣራም ነበረ። ይኸኛው ቀድሞ ጎረቤታችን ስለነበር በስሙ ጠርተን ጨረስነው። ጓሳው ገና ስላልተከፈተ መቃብር ልንቆፍር ሳሩን ለመግፈፍ ሽማግሌዎቹን አስፈቀድን፤ እኛ ሕግ እናከብራለን። አልፈቀዱም። አሞራዎቹ ግን ፈቃድ አልጠየቁም።

እንግዲህ ወይዘሮ ደብሪቱ ትእዛዝዎን ከመፈጸም በቀር ያጠፉት ነገር የለም። ክቡርነትዎን በነፃ ያገለገለ ሰው ሁሉ የሚሰቀል ከሆነ ነገ ውኃ እንኳ የሚያቀብልዎ ያጣሉ ብለን ስለሰጋን፣ ከገበያው ቀን በፊት ከእስር ቤትዎ በእግራቸው እንዲወጡልን፣ የቅቤ ቅላቸውም ባዶውንም ቢሆን እንዲመለስላቸው በታላቅ ትሕትና እንለምናለን።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ የምንመኘው እኛው እስክናገኝዎ ሌላ ሰው እንዳይቀድመን ስለምንሳሳ መሆኑን እያረጋገጥን፣ እጅ ነሥተን፣ ከሳሩ ግን ሳንነሣ፣

ሀብተ ማርያም ፈንታ
ስለ ጓሳ አካባቢ ነዋሪዎች፣ የሞቱትንም ጨምሮ

ማስታወሻ፦ ሞተር ሳይክልዎን በራስዎ ቤንዚን አጥበነው ቅቤው ለቆታል፤ ዳገትም ይወጣል። አበጀ እንደሚለው ጩኸቱን ለመቀነስ ያረጁትን ዝርግ ብረቶች መለወጥ ይበቃ ነበር፤ እኛ ግን ሆን ብለን አልለወጥናቸውም። ወይዘሮ ደብሪቱ ከወጡ በበቅሎ ተጎትቶ በዝምታ ይመለስልዎታል። ካልወጡ፣ ከምሽግዎ ሥር ያ ጠጠር የሞላው ቅል ሲንቋቋ ሲሰሙ፣ ለእኛ ያደርጉልን የነበረውን ማስጠንቀቂያ እየመለስንልዎ መሆኑን ይወቁ። ልዩነቱ፣ እኛ ስንሰማው የምንሸሽበት ገደል ነበረን፤ የእርስዎ ምሽግ ግን ያለው አንድ በር ነው፣ ድምፁም የሚመጣው በዚያው በኩል ነው።