መምህር ነጋ ወልደማርያምና የላም እንቁላል ክሮች

መምህር ነጋ ወልደማርያም ጥቅምት 14 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ ሰኞ ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት፣ ከምድር ባቡር መካኒኩ ከአቶ ወልደማርያም ደስታና ከወይዘሮ ዘርፈሽ ሀብቴ በድሬዳዋ ከተማ ከዚራ ሰፈር ተወለዱ። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ ከተማ ተከታትለው በ1954 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመረቁ፤ ከዚያም እስኪታመሙ ድረስ በድሬዳዋ አስተማሩ። በ1958 ዓ.ም. ከወይዘሮ ይርገዱ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ልጅ ባይወልዱም፣ ይህን ታሪክ የጻፍኩትን የእህታቸውን ልጅ ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ አሳድገው ለዩኒቨርሲቲ አብቅተውኛል።

መምህር ነጋ ከማስተማሩ ሌላ አንድ ጥያቄ ነበራቸው። የላም እንቁላል ለመፀነስ ሲበስል፣ በውስጡ ያሉ ቀጫጭን ክሮች ክሮሞሶሞቹን አሰልፈው ይይዛሉ። ክሮቹ ራሳቸው ፕሮቲን ናቸው፤ መቼ እንደሚገጣጠሙና መቼ እንደሚፈርሱ የሚያዟቸውም ሌሎች ፕሮቲኖች ናቸው። ይህን ትእዛዝ ለመረዳት በ1977 ዓ.ም. ከቄራ የላም እንቁላል ማፍሪያ ዕጢ መሰብሰብ ጀመሩ። የቄራው ሠራተኛ አቶ ሃሺ ዑመር፣ ድሬ ዶሮ አልቆ ነው ወይ ከላም እንቁላል የሚፈልጉት እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፤ ዕጢውን ግን አንድም ቀን አላስቀሩባቸውም።

እንቁላሎቹ በትምህርት ቤቱ የሙቀት ሣጥን አንድ ቀን ይቆያሉ። ጥሩው ማይክሮስኮፕ የሚገኘው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ባለ ላቦራቶሪ ስለነበር እንቁላሎቹ ያሉበትን ቱቦ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። በብብቴ ይዤ እንድመጣ አዘውኛል። እኔ ግን በድሬ ፀሐይ ሥጋም ወተትም ያለ በረዶ እንደማይጓዝ ስለማውቅ፣ ከክፍሌም አንደኛ የምወጣ ስለነበርኩ፣ የተሻለ ያሰብኩ መሰለኝ። ቱቦውን በረዶ በሞላሁት ፔርሙዝ ከትቼ ድልድዩን እሻገራለሁ፤ በሩ ላይ ስደርስ አውጥቼ እሰጣቸዋለሁ። ለስድስት ወራት ያዩት የተበታተኑ ክሮሞሶሞችን ብቻ ነበር። ስሕተቱ የሐሳባቸው ስለመሰላቸው ለዩኒቨርሲቲ የላኩትን ጽሑፍ መልሰው ወሰዱ፤ ጥናቱንም ዳግመኛ አላነሱም።

ክሮቹ በቅዝቃዜ እንደሚፈርሱ በ1980 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማርኩ። ለእርሳቸው አልነገርኳቸውም።

መምህር ነጋ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሐምሌ 3 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ50 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይርገዱ፣ እኔና ያስተማሯቸው ሁሉ ሐዘን ላይ ነን። ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማረፊያ ያድርስልን።

ሰኔ 20 ቀን ከሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው የጻፉልኝ ደብዳቤ አሁንም እጄ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ መልስ ጀምሬ ሁለቱንም ቀድጃለሁ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «ልጄ፣ ያን ጊዜ ቱቦውን በምን ይዘሽ ነበር የምታመጪልኝ? እንዲያው እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም።»