እንሰቱን አስቆርጦ ድንበሩ የት አለ ላለው ባንክ

ለተከበሩ አቶ ያሬድ
የቤት ብድርና የምክር አገልግሎት ኃላፊ
ወላይታ ሶዶ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ በተለይም መኖሪያ ቤትዎ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ጣሪያዎ እንዳያፈስ፣ አጥርዎ እንዳይዘም፣ አከራይ የሚባል ፍጡርም በደጅዎ እንዳያልፍ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብቻ ወንበሬ ከጠረጴዛዬ ጋር በገመድ ስለታሰረ ይህን የምጽፍልዎ ቆሜ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ ነው። አከራዬ ከጊፋታ በፊት፣ ማለትም የወላይታ አዲስ ዓመት ሳይገባ፣ ቤቱን እንድለቅ ነግረውኛል። ተተኪዬ ተከራይም ዛሬ ጠዋት የመጋረጃ ልክ ልትወስድ መጥታ፣ እባክሽ ፈቀቅ በይልኝ ብላ ከዚሁ መስኮት አስነስታኝ ነበር።

ማኅሌት እባላለሁ። የመንግሥት ሥራ ከደብረ ማርቆስ አንሥቶ ሶዶ ያመጣኝ የላብራቶሪ ባለሙያ ስሆን፣ ከመጣሁ ጀምሮ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ዕቃ ሳመላልስ ኖሬያለሁ። ባለፈው በጋ ወይዘሮ ጣፈጠች የተባሉ እናት ቤታቸውን ሊሸጡልኝ ተስማማን። እሳቸው ገሱባ በልጃቸው ግቢ አንድ ክፍል ሠርተው ሊጠጉ፣ እኔ ደግሞ በገዛ ቤቴ በር ዘግቼ ልተኛ ነበር ሐሳባችን። ካርታው ነበረ፤ ቅድመ ክፍያውም ነበረ። ለቀረው ከባንክዎ ብድር ጠየቅሁ፤ የቤት ገማችዎ መጥተው የመጀመሪያውን ልኬት ወሰዱና ሁሉም ደህና ነው፣ ለመጨረሻው ግምት እመለሳለሁ ብለው ሄዱ። ነገሩ በዚሁ ቢያልቅ ኖሮ ክቡርነትዎን ባላስቸገርሁ ነበር። እርስዎ ግን ደግነትዎ አላስቀምጥ ብሎዎት ለቤት ገዢዎችና ሻጮች የነጻ ምክር ስብሰባ ጠሩ፣ እኛም ሄድን። ስለሆነም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

1ኛ. በግድግዳው ላይ ስላሳዩን ሥዕሎች አመሰግናለሁ። የመዋኛ ገንዳ ያላቸው ቤቶች ነበሩ፤ ወይዘሮ ጣፈጠችም ገንዳው የከብት መጠጫ መስሏቸው ባለቤቱ ስንት ላም ቢኖረው ነው ብለው በጣም አድንቀዋል።

2ኛ. የሻጩን ማንነት የሚያስታውስ ነገር ሁሉ ከግድግዳ ይውረድ፣ ገዢ በሰው ትዝታ መሀል ራሱን አያይም ብለው ስለመከሩን አመሰግናለሁ። ወይዘሮ ጣፈጠች በማግስቱ የሟች ባለቤታቸውን የአቶ ብሩን ፎቶግራፍ አወረዱ። ገዢዋ እኔ መሆኔን፣ በዚያ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጬ ስንት ቀን ቆጮ መብላቴን፣ አቶ ብሩንም እንደ አጎቴ ለምጃቸው እንደነበር ላስረዳቸው ብሞክር ባንኩ አውርዱ ብሏል አሉኝ። አሁን በፎቶግራፉ ቦታ ጥርት ያለ ነጭ አራት ማዕዘን አለ፤ እውነትም እዚያ ውስጥ ራሴን ማየት ጀምሬያለሁ።

3ኛ. ይህኛው ትንሽ ይረዝማልና ይታገሡኝ። ቤቱ ከመንገድ ወለል ብሎ እንዲታይ የሸፈነውን ሁሉ አስወግዱ፣ ግቢ ባዶ ሲሆን ሰፊ ይመስላል ብለዋል። ወይዘሮ ጣፈጠች በስብሰባው መጨረሻ እጃቸውን አውጥተው እንሰቱንም ወይ ብለው ጠየቁዎት። እርስዎም ስልክዎን እየተመለከቱ፣ የሚሸፍን ከሆነ እንሰቱንም ብለው መለሱላቸው። እኔ ይህንን እንደ ምክር ሰማሁት፤ እሳቸው ግን ከባንክ የወጣ ቃል ስለሆነ የብድሩ ግዴታ አድርገው ወሰዱት። እኔ ሥራ ገብቼ በዋልሁበት ቀን ገጀራ አንሥተው፣ የደረሰውንም ያልደረሰውንም፣ ከጓሮ እስከ ምሥራቁ ዳርቻ ያለውን ሁሉ ጣሉት። ማታ ከሥራ ወጥቼ ልጠይቃቸው ብሄድ ሜዳ ጠበቀኝ። እሳቸው በተቆረጠው መሀል ተቀምጠው፣ ለጊፋታው የእንሰት ምግብ፣ ለሙቹዋ፣ ያሰቡትን እንሰት በእጃቸው እየደባበሱ፣ አሁን ቤቱ ከመንገድ ይታያል አይደል ብለው ጠየቁኝ። ይታያል አልኋቸው።

ክቡርነትዎ፣ እዚህ አገር እንሰት የሚተከለው ለሚቀጥሉት ዓመታት ረሃብ ነው። ዘንድሮ የሚበላ አለ፣ የከርሞ አለ፣ ልጅ ሲዳር የሚነካ አለ። ይህን ለእርስዎ መንገር ድፍረት ነው፤ በየቀኑ ወደ ሥራ ሲሄዱ በመኪናዎ መስኮት ያዩታል።

4ኛ. ገማችዎ ለሁለተኛ ጊዜ መጥተው ግቢው በማማሩ ፎቶግራፍ ስላነሡልን አመሰግናለሁ። ካነሡ በኋላ ግን ሜትራቸውን ይዘው ወደ ምሥራቅ ተጓዙ፣ ቆሙ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ተጓዙ። በመጀመሪያው ልኬታቸው የምሥራቁ ድንበር ተብሎ የተያዘው ከጎረቤታችን ከአቶ ባዳቾ ግቢ የሚለየን የእንሰቱ ረድፍ ነበርና አሁን ድንበሩን አጡት። ባንክዎም የምሥራቅ አዋሳኙ በግልጽ ስለማይታይ ብድሩ ለጊዜው ታግዷል ሲል አስታወቀን። አንብቤው ሳቅሁ፣ ከዚያ ወረቀቱን ይዤ ግቢውን ዞርሁት፤ እነሆ እስካሁን መቀመጥ አልቻልሁም። ተናድጃለሁ ክቡርነትዎ። በትሕትና ተናድጃለሁ፣ ግን ተናድጃለሁ።

5ኛ. ስለ ብስኩቱ አመሰግናለሁ። ከባንክዎ እስካሁን በእጃችን የገባው እሱ ነው።

የድንበር ጉዳይ ተነሣ ሲባል አቶ ባዳቾ ከግቢያቸው ተቆጥተው መጡ፤ ማነው እኔን ከጣፈጠች ያጣላው ሲሉ ጠየቁ። ባንኩ ነው ብንላቸው፣ ባንኩ መቼ እዚህ ኖረና አሉ። እንሰቱን ከአቶ ብሩ ጋር ሆነው የተከሉት እሳቸው ነበሩ። በሠፈር ሽማግሌዎች ፊት ከላይ እስከ ታች ዳርቻውን ተራመዱት፤ ወይዘሮ ጣፈጠችም ከኋላቸው ተከትለው በዚያው መስመር ወረዱ፤ አንዳቸውም በአንድ ስንዝር አልተከራከሩም። ከዚያ ያልደረሱትን እንሰቶች ሥር፣ አምቾውን፣ እየቆፈሩ አወጡና በዚያው መስመር መልሰው ቀበሩት። ያልደረሰ አምቾ ከተቀበረ እንደገና ችግኝ ይሰጣል፤ ይህንን ሥራ ሽማግሌዎቹ ቆመው አይተው መርቀዋል። ምስክርነታቸውን ይዤ ቢሮዎ ብመጣ፣ ባንኩ የሽማግሌ ቃል እንደማይቀበል፣ ከማዘጋጃ ቤት አዲስ ልኬት እንደሚያስፈልገኝ ተነገረኝ። ማዘጋጃ ቤቱም ወረፋ ይዘሽ ጠብቂ ብሎኛል፤ ወረፋው ከጊፋታ ወዲያ ነው።

ስለዚህ ያለሁበትን ላስታውቅዎ። አከራዬ ቀን አልጨመሩልኝም፤ ወይዘሮ ጣፈጠችም የገሱባውን ክፍል የሚሠሩበት ገንዘብ የላቸውም። በመጪው ቅዳሜ ዕቃዬን ጭኜ እሳቸው ቤት፣ የፊተኛው ክፍል እገባለሁ፤ እሳቸው የኋለኛው ውስጥ ይቆያሉ። ኪራይ ልክፈል ብላቸው ቤቱ ያንቺ ነው ብለው ተቆጡኝ። እንግዲያው ቤቱ የእኔ ከሆነ እርስዎ እንግዳዬ ነዎት ብላቸው ደግሞ አለቀሱ። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የጊፋታ ቆጮ ከገበያ ገዝተው ሊያቀርቡ ነውና፣ ጎረቤት ሲመጣ ምን እላለሁ ብለው ተጨንቀዋል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከጊፋታ በፊት ራስዎ ይምጡና የምሥራቁ ዳርቻ ላይ ይቁሙ። አቶ ባዳቾ በአንድ ወገን፣ ወይዘሮ ጣፈጠች በሌላው ይቆማሉ። በመካከላቸው ያለው ድንበሩ ነው።

ለሰጡን ምክር ዕድሜ ልካችንን ባለዕዳ የሆንን፣ ከቅዳሜ ጀምሮ በአንድ ጣሪያ ሥር የምንኖር ያልሸጠችና ያልገዛች ሁለት ሴቶች፣ በጥልቅ አክብሮት፣
ማኅሌት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ቢሮዎ ተራ ስጠብቅ በግድግዳው ላይ አዲስ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ አየሁ፤ ከሥሩም "ለብድር በሚገባ የተዘጋጀ ግቢ" ተብሎ ተጽፎበታል። ግቢው የወይዘሮ ጣፈጠች ነው። እንዲያወርዱት አልጠይቅም። ብቻ በእርስዎው ምክር መሠረት የሻጭ ትዝታ ገዢ እንዳያርቅ፣ ጥግ ላይ የቀረውን ጥላቸውን ይቁረጡልኝ፤ ከተቆረጠው እንሰት መሀል ብድግ ሲሉ ነው ገማችዎ ያነሡት።