ስንዴውን ያነሱት እናት፦ የወይዘሮ ዓለሚቱ ወልደሰንበት የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ዓለሚቱ ወልደሰንበት ከአባታቸው ከአቶ ወልደሰንበት ፈዬራ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለች አሰፋ በኅዳር ወር 1928 ዓ.ም. በጌዶ ከተማ ተወለዱ። የተወለዱት ገበያ በዋለበት ቀን ነው ይባላል፤ ሲያድጉም ሰው የበዛበት ቦታ ሁሉ ይስማማቸው ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከደብሩ መምህር ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ጎረቤቶች «ለሴት ልጅ ዳዊት ምን ያደርግላታል?» ቢሏቸው አባታቸው «ትወደዋለች፤ ሌላ ምን ያድርግላት?» ብለው መለሱ። ከዚያም ያኔ ሀገረ ሕይወት ትባል ወደነበረችው ወደ አምቦ፣ አክስታቸው ዘንድ መጥተው እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል።

በ1944 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ዲያቆን ከነበሩት፣ በኋላም ቅስና ከተቀበሉት ከቄስ ደግፌ ኩምሳ ጋር በሥርዓተ ቁርባን ተጋቡ። ሁለቱን የሚያውቅ እንደሚመሰክረው፣ በዚያ ቤት የሚያወሩት ወይዘሮ ዓለሚቱ፣ የሚስቁት ቄስ ደግፌ ነበሩ። አምስት ልጆች ወልደው ሦስቱን በሕፃንነታቸው ቀብረዋል። አሰፋ እና ጥሩነሽ አድገውላቸዋል።

እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ኑሯቸው ከደብሩ መሬት በሚገኝ ድርሻ ይደገፍ ነበር። መሬቱ ሲወረስ ድርሻውም ቀረ። ቄስ ደግፌ እሑድ ቀድሰው በሥራ ቀን ጃንጥላ ይጠግኑ ጀመር። ክረምቱስ ደኅና ነው፣ በበጋ ጃንጥላ የሚያስጠግን ማን አለ? ስለዚህ ወይዘሮ ዓለሚቱ ቆሎ ቆልተው አውቶቡስ ተራ ይሸጡ ገቡ። «የቄስ ሚስት ቆሎ ቸርቻሪ ሆነች» ተብሎ በሰፈሩ ተወራ። እርሳቸው ግን «ቄሱም ቆሎ ይበላሉ» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ዓመት ዓመትን በተካ ቁጥር ኑሮው እየጠበበ ሄደ። ገበሬው ከአውድማው ላይ ኮታ ይሰፈርበታል፤ የተረፈችውን ወደ ከተማ ላውጣ ቢል ኬላ ላይ ትያዝበታለች። ከጌዶ ወደ አምቦ ለዘመድ አንድ ቁና ገብስ ማሳለፍ ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ወይዘሮ ዓለሚቱ የሚጸልዩት እንደሚናገሩት ነውና አንድ የዝናብ እጥረት ዓመት ላይ «ጌታዬ፣ ያንተ ሰማይ እንኳ ኬላ የለበትም፤ ምነው ዝናቡን ብትለቀው?» ሲሉ ተሰምተዋል። ቄስ ደግፌም ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

መሬቱ ከተወሰደ ወዲህ የደብሩ መገበሪያ፣ ማለት ለቅዱስ ቁርባን ኅብስት የሚሆነው ንጹሕ ስንዴ፣ ከምእመናን በጣሳ እየተለመነ ይሰበሰብ ነበር። የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ስለሚያፈስ፣ ቄስ ደግፌም የደብሩ ገበዝ፣ ማለት ንብረት ጠባቂ፣ ስለነበሩ፣ ስንዴው በእርሳቸው ቤት በጎታ ይቀመጥ ነበር። አበጥረውና ለቅመው የሚጠብቁት ወይዘሮ ዓለሚቱ ነበሩ። በዚያ ሁሉ ችግር ከዚያ ጎታ ለቤታቸው አንዲት ፍሬ አላነሱም። ትንሿ ጥሩነሽ ርቧት «ስንዴ አለን አይደል?» ብትላቸው «የኛ አይደለም፣ የጌታ ነው» ብለው ጎመን አቀረቡላት። በ1976 ዓ.ም. አሰፋ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ እንኳ ለስንቁ የቋጠሩለት በሶ ከተበደሩት ገብስ ነበር።

ከአጥራቸው ማዶ ወይዘሮ ድንቅቱ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩ። ባለቤታቸው ኦቦ ሆርዶፋ የወንጌል አገልጋይ ሲሆኑ፣ ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ እርሳቸውም በጥር 1977 ዓ.ም. ታሰሩ። የቤተሰቡ ስም ከቀበሌ ሱቅ ተሰረዘ። ለእስረኛ ቤተሰብ የረዳ ሰው እንደ ተባባሪ እንደሚቆጠር በስብሰባ ተነገረ፤ ይህም ለማስፈራራት ብቻ አልነበረም፤ ዱቄት የሰጡ አንድ ሽማግሌ ሰኔ ላይ ታስረዋል። ወይዘሮ ድንቅቱ ነፍሰ ጡር ነበሩ። ነሐሴ ሲገባ ወንድ ልጅ ተገላገሉ፤ ወገባቸውን የሚጠግን ገንፎ ቀርቶ የሚቀምሱት ነገር በቤታቸው አልነበረም። ጡታቸው ወተት አጣ።

ወይዘሮ ዓለሚቱ በመጀመሪያ ለቆሎ ያስቀመጧትን ገብስ ሰጡ። ገብሱ አለቀ። ገበያ ወጡ፤ ገበያው ላይ ከጌሾና ከጎመን በቀር ነገር የለም። ፍልሰታ ስለነበር ቅዳሴ በየቀኑ ነው፤ ጎታው ውስጥ ያለው ስንዴም ለጾሙ የሚያደርሰው ለጥቂት ነበር። ሕፃኑ ማልቀስ ሲያቆም ግን ጆሯቸው ከአጥሩ አልነሣ አለ። በሕመማቸው ወቅት ይህን ሲያስታውሱ «እኔ ሦስት ቀብሬያለሁ፤ የዚህን ለቅሶ አልደርስም አልኩ» ብለውናል።

ከጎታው አነሱ። ለገንፎ እንዲስማማ ስንዴውን አመሱት፣ በእጅ ወፍጮ ፈጩት፣ ዱቄቱን በእንቅብ ሥር አድርገው ከላዩ የቀረቻቸውን ቆሎ በተኑበትና በጠራራ ፀሐይ የሰው በር ላይ እንደሚዞር ቸርቻሪ ወደ ወይዘሮ ድንቅቱ ቤት ገቡ። አራሷ ዱቄቱን ሲያዩ ደነገጡ።

«አዴ ዓለሚቱ፣ ይህ ከየት መጣ?»

«ብይ። የሚጠየቀው ሰው እኔ ነኝ።»

«ገለቶማ» ብለው በኦሮምኛ እያመሰገኑ አለቀሱ፤ ወይዘሮ ዓለሚቱም «ለቅሶው ይቆይና ውኃው ይጣድ» አሏቸው። አራሷ ቀና እስኪሉ ድረስ እየተመላለሱ ወሰዱ። ሕፃኑ ጠባ።

ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ጎታው ባዶ ሆኖ ተገኘ። በእነዚያ ሁለት ቀናት በደብራችን ቅዳሴ ታጎለ። ለመቁረብ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ የመጡ ሕፃናት ዝናብ እየመታቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፣ ወይዘሮ ዓለሚቱም ቀላል ነው ብለው አያውቁም። ዛሬ በዚህ ግቢ ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁ በዚያን ጠዋት ነበራችሁ።

ሽማግሎች ተሰበሰቡ። ሰፈሩ ቀድሞ ፈርዶ ነበር፤ ገብስ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፣ ከቄሱ ቤት ግን የሚታመስ እህል ይሸታል፣ የሴትዮዋም እንቅብ ሞልቶ ታይቷል። እንግዲህ መገበሪያው ቆሎ ሆኖ ተሸጧል ማለት ነው። ቄስ ደግፌ በሰው ፊት «ስንዴው የት ደረሰ?» ብለው ወይዘሮ ዓለሚቱን ጠየቋቸው። «እኔ አነሳሁት። ከዚህ ሌላ አትጠይቁኝ» አሉ። ከተቀመጡት አንዱ የቀበሌ ተመራጭም ነበሩ፤ የወይዘሮ ድንቅቱ ስም ከተነሳ ምን እንደሚከተል ወይዘሮ ዓለሚቱ ያውቃሉ። ቤት ሲገቡ ቄስ ደግፌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሸጥሽው?» አሏቸው። ወይዘሮ ዓለሚቱ ግን ባለቤታቸው መዋሸት የማይችሉ ሰው መሆናቸውን፣ ነገ ሽማግሎቹ በመስቀል ይዘው ቢጠይቋቸው እንደሚናገሩ ያውቃሉና ዝም አሉ። ቄስ ደግፌ ከዚያ በኋላ አልጠየቁም። ገበዝነቱንም ተዉ።

ጎታው ወደ ሌላ ቤት ተወሰደ። ወይዘሮ ዓለሚቱ ጉዳዩን ለንስሐ አባታቸው ብቻ ተናዘዋል። እርሳቸውም ሳያስፈቅዱ ስላነሱት ስግደት ሰጧቸው፤ ስንዴውንም እንዲተኩ አዘዟቸው። ከጌዶ በቁና በቁና እያስመጡ ተኩ፤ የሰበካው ሰዎች ግን የእርሳቸውን ስንዴ ለብቻ አስቀምጠው ለነዳያን ይሰጡት ነበር እንጂ ለኅብስት አልተጠቀሙበትም። ከዚያ ወዲህ ቆሎ ሲሸጡ ስንዴ የሚባል ነገር በእጃቸው አልነኩም፣ ገብስና ሽምብራ ብቻ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አልቀሩም። ሴቶቹ ፈቀቅ ሲሉባቸው እርሳቸው ከበሩ አጠገብ ቆመው ያስቀድሳሉ። ልጃቸው ጥሩነሽ አንድ ቀን ከኋላቸው ቆማ «አንተ ታውቃለህ፤ ለቄሱ ግን አልነገርክልኝም» እያሉ ከአምላካቸው ጋር ሲወቃቀሱ ሰምታለች። ደጋግመው ተወቃቅሰዋል፣ ተጣልተው ግን አያውቁም።

ቄስ ደግፌ የሚቀርብላቸውን በልተው፣ ተመስገን ብለው፣ ክፉ ቃል ሳይናገሩ ኖሩ። ይሁን እንጂ በዚያ ቤት ሳቅ አልተሰማም። በጥቅምት 1980 ዓ.ም. በሳንባ ምች ዐረፉ። ልጃቸውን «እናትሽን አደራ» አሏት፤ ስለ ስንዴው ግን ምንም አላሉም። ወይዘሮ ዓለሚቱም አልነገሯቸውም። በመጨረሻው ሕመማቸው «ያን ጊዜ እንኳ ምነው አልነገሯቸውም?» ብለን ጠየቅናቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው «ቢያምኑኝ ደስ ብሎኝ እሸኛቸው ነበር። ባያምኑኝስ ብዬ ፈራሁ» አሉ። በሕይወታቸው ያሳለፉት ከባድ ነገር ረኃቡ እንዳልነበረ ቤተሰቡ የተረዳው በዚያን ቀን ነው።

ኦቦ ሆርዶፋ በ1981 ዓ.ም. ተፈተው ከባለቤታቸው ጋር ምስክርነት እንስጥ ብለው ቢመጡ ወይዘሮ ዓለሚቱ «ማወቅ የነበረባቸው ሰው ሞተዋል፤ ለቀረው አልቸኩልም» ብለው መለሷቸው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጉበታቸውን ታመው በአምቦ ሆስፒታልና በቤታቸው ሲረዱ ቆዩ። ባለፈው ወር መንግሥት ሲለወጥና ወታደሩ በነቀምቴ መንገድ በእግሩ ሲመለስ፣ አልጋቸው ወደ በሩ እንዲዞር አስደርገው አላፊውን ሁሉ ስለ አሰፋ ያስጠይቁ ነበር። ይህ ታሪክ እንዲነበብ የፈቀዱትም ያን ሰሞን ነው፤ «ቅበሩኝና ተናገሩ። ሽማግሎቹ ቢቆጡ እንግዲህ ምን ያደርጉኛል?» ብለው ትንሽ ሳቁ። የምናነበውም ማንንም ለማሳፈር አይደለም፤ ያፈረ ካለ ግን አንከለክለውም።

ወይዘሮ ዓለሚቱ ወልደሰንበት ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ ረቡዕ ሰኔ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ከኋላቸው ልጃቸውን ጥሩነሽ ደግፌን፣ እስከ ዛሬ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰውን፣ እግዚአብሔር ካለበት እንዲያመጣልን የምንጠብቀውን ልጃቸውን አሰፋ ደግፌን፣ በጌዶ የሚኖሩ እህትና ወንድማቸውን ትተዋል። ወይዘሮ ድንቅቱና ኦቦ ሆርዶፋ የልጃቸው ስም ከእነዚህ ጋር ይጠራ ብለው ስለጠየቁ፣ ቤተሰቡም ስለተስማማ፣ ስድስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ኤጄታ ሆርዶፋ ከሐዘንተኞቹ መካከል ከጥሩነሽ ጋር ቆሟል።

ከአውቶቡስ ተራ፣ ከጌዶና ከየገጠሩ መጥታችሁ ያስታመማችሁ፣ የሸኛችሁና ያጽናናችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። የእናታችንን የወይዘሮ ዓለሚቱን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ ዕቅፍ፣ ከባለቤታቸው ከቄስ ደግፌ ጎን ያሳርፍልን። ያልነገሯቸውን ዛሬ ይንገሯቸው፤ ቄስ ደግፌም ይመኗቸው። አሜን።