በደህናው ጆሮዋ በኩል ንገሪልኝ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ እማዬን ስታነሺ ስታስተኚ ብሶብሻል? ባለቤትሽ ጋሼስ ደህና ናቸው፣ ያ ሳል ለቀቃቸው? ልጆቹስ? እማዬስ፣ እትዬ፣ እማዬ እንዴት አደረች? እህል ይወርድላታል? ቀኝ ጆሮዋ እንደተደፈነ መሆኑን አውቃለሁ፤ በግራው እንኳን ደህና አድርጋ ትሰማለች? መልሱ እስኪደርሰኝ ስንት ነገር ሊለዋወጥ እንደሚችል እያወቅሁ ነው የምጠይቅሽ። ሳልጠይቅ ወደ ሌላ ወሬ ብገባ ግን እጄ አይጽፍልኝም።

እኔማ ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ለምዶብኛል። እኛ ቤት ማን ደህና አይደለሁም ብሎ ያውቃል? ዛሬ ግን እንደሱ አልልሽም።

ባለፈው በስልክ፣ አሠሪዎቼ ፈቃድ ስለከለከሉኝ አልመጣም ስልሽ፣ እናትሽን በሕይወት ከማየት የሰው አንሶላ መተኮስ በለጠብሽ ወይ ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። ከዚያ ወዲህ ብደውል ብደውል አታነሺም። አልፈርድብሽም። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ከዚህ የባሰ እናገር ነበር፤ አፌን ታውቂው የለ? ነገር ግን ፈቃድ የከለከለኝ ሰው የለም። ዋሽቼሽ ነው። እትዬ፣ እርጉዝ ነኝ። ዘጠነኛ ወሬን ይዣለሁ።

ኡፍ፣ ይኸው ወጣልኝ። አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ለምን እስከ ዛሬ ደበቅሽን እንደምትዪ አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ጊዜ አስታውሺ። ገና በሦስተኛ ወሬ ደውዬ ስነግራችሁ፣ እማዬ የዚያኑ ዕለት ክር አስገዝታ ትንሽዬ ቆብ መሥራት ጀመረች። ቆቡ እኔ ዘንድ ሲደርስ ልጁ አልነበረም። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ፤ ያኔማ እማዬ እህል አልቀምስም ብላ መተኛቷን አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። ስለዚህ ከዝምታው ጋር ተማከርን። ዝምታው የምልሽ ባለቤቴን ነው፤ የሥራ ጓደኞቹ ያወጡለት ስም ነው፣ ሲያንሰው ነው። በዚህኛው የሕፃኑን ለቅሶ በስልክ እናሰማታለን እንጂ ቀድመን ትንፍሽ አንልም ተባባልን። ሥራ ቦታም ቢሆን ሽርጣችን ሰፊ ነው፤ በዚያ ሁሉ እንፋሎት መሃል ማን የማንን ሆድ ያያል? የነቃችብኝ ቀጭኗ ብቻ ናት፣ አብራኝ የምትተኩሰው፣ ይህን ደብዳቤ ይዛልሽ የምትመጣው። ቀጭኗ ያልናት ከውፍረቷ የተነሳ በር በጎኗ ስለምትገባ ነው፤ ስታያት እንዳትስቂባት።

ለካ እናንተም ስትደብቁኝ ኖራችኋል። እማዬ አልጋ ከያዘች አራት ወር ሆናት፣ ሐኪሞቹም ከእንግዲህ ቤቷ ትሁን ብለውናል ስትዪኝ ነው የሰማሁት። በሰው አገር ሆዷ እንዳይባባ ብላችሁ ነው፤ ይገባኛል። ክፉውን እናንተ ደበቃችሁ፣ ደጉን እኔ ደበቅሁ። እመጣለሁ ብዬሽ ስልኩን ዘጋሁና ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ የምትከታተለኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ያንቺ እኩያ ትሆናለች፣ ቁጣዋም ያንቺው ነው። አውሮፕላን መሳፈር ልጁን ይጎዳዋል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አውሮፕላኑ በራሱ ጠላትሽ አይደለም አለችኝ። ጤነኛ እርጉዝ ሴት፣ የያዘችው አንድ ልጅ ከሆነና እንከን ካልታየባት፣ ዘጠነኛ ወሯ ሳይገፋ በደህና ሄዳ በደህና ትገባለች፤ ውሃ እየጠጣች፣ ቀበቶውን ከሆዷ በታች አስራ፣ እግሯ ላይ ደም እንዳይረጋ ብድግ እያለች ትንቀሳቀሳለች፣ በቃ። ከሁሉም የሚቀለው መሃለኛው ወራት ነው አለች። አንቺ ግን ደም ግፊትሽ ወጥቷል፣ እግርሽ አብጧል፣ የሽንትሽንም ውጤት አልወደድኩትም፤ ሰማይ ላይ ምጥ ቢመጣብሽ ወይም መንቀጥቀጥ ቢይዝሽ ማን ያዋልድሻል? ደምስ ቢያስፈልግሽ ከየት ይመጣል? እኔ አልፈርምልሽም ብላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ከአራት ወር በፊት መጥቼ ቢሆንስ አልኳት። ያኔማ ግፊትሽ ደህና ነበር፣ ወረቀቱን ጽፌ እሸኝሽ ነበር አለችኝ። ምናለ ባልጠየቅኋት ኖሮ! እማዬ በተኛችበት ሰሞን እኔ እንደ ልቤ የምሳፈርበት ወር ላይ ነበርኩ። እናንተ ብትነግሩኝ፣ ወይም እኔ ነግሬያችሁ ሳትከብድ ትምጣ ብላችሁ ብትጠሩኝ፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ፀጉሯን አበጥርላት ነበር። አንዳችን ለአንዳችን ስናስብ ጊዜው አለፈብን።

እኔ ግን እምቢ አልኩ። የዝምታውን ካፖርት ደርቤ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ አየር ማረፊያ ሄጄ ሰልፍ ያዝኩ። ካፖርቱ ውስጥ ሦስት ሰው ይገባል፤ ሆዴ አይታይም ብዬ ተማምኛለሁ። ዝምታው ሻንጣዬን ይዞ ከኋላዬ ይከተላል፤ እንዳልሄድ ሊለምነኝ ይፈልግና አፉ እምቢ ይለዋል። ሰልፉን የምታስተካክለው ሠራተኛ እኔ ጋ ስትደርስ ሆዴን ቀና ብላም አላየችው። እግሬን አየች። ጫማዬ አልገባ ቢለኝ፣ በዚያ ብርድ የባለቤቴን ነጠላ ጫማ አድርጌ ነበር የሄድኩት። ካፖርቱን ሳስብ እግሬን ረስቼዋለሁ! ጠጋ ብላ፣ እህቴ ስንት ወርሽ ነው አለችኝ። ስድስት ልላት አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ።

አልጮኸችብኝም። ወንበር አመጣችልኝና የአየር ማረፊያውን ነርስ ጠራችልኝ። ነርሱ ግፊቴን ለካ፣ ዓይኑን ስላላመነ ደግሞ ለካው፣ ከዚያ ስልክ አነሳ። ያ አውሮፕላን ወደ እናንተ ሲነሳ እኔ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል እሄድ ነበር። የሥራ ፈቃዱን ውሸት የነገርኩሽ በማግስቱ ከዚሁ አልጋ ላይ ሆኜ ነው። እውነቱን ብናገር እማዬ ላይ ሌላ ሐዘን የምጨምርባት መሰለኝ።

ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ በጎኔ ተኝቻለሁ፤ ለሽንት ካልሆነ መነሳት የለም። ልጁ ይራገጣል፣ ደህና ነው ይሉኛል። ግፊቱ ካልወረደልኝ ግን ቀኑን ሳይጠብቁ እንደሚያወጡት ነግረውኛል። የእማዬ ቆብ ትራሴ ሥር ነው። ፈርቻለሁ እትዬ። ሁለት ያጣሁ ሰው ነኝ፤ እማዬንና ይህንን በአንድ ሰሞን አጥቼ በምን አቅሜ እቆማለሁ? ሌላው ቢቀር ስልኩን አንሺልኝ። ብትሰድቢኝም ድምፅሽን ልስማው።

እመጣለሁ ካልኩ ጀምሮ እማዬ ፊቴን ወደ በሩ አዙሩልኝ እንዳለች ነግረሽኝ ነበር። እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። ሕመሙ እየከበዳት መሄዱን ሰው ነኝና እቀበለው ይሆናል፤ ልጄ ጨከነችብኝ ብላ መሄዷን ግን አልችለውም።

ጋሼን እጅ ነስታለች በይልኝ፤ እማዬን እንደ እናታቸው ማስታመማቸውን መቼም አልረሳውም። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፣ ለአያቷ ውሃ የምታቀብልበት እጇን ጭምር። ትንሹን ድንቡሼን ጉንጩን ቆንጥጪልኝ፤ አክስትህ ተጫዋች ልታመጣልህ ነው በይው፣ እሱ እንኳን ሳይፈራ ደስ ይበለው። አጥር የምትጋራችሁን ጎረቤታችንንም፣ ሌሊት እያገዘች ስለምታድርልሽ፣ ውለታዋ አለብኝ በያት።

እማዬን ግን ሰላም ብላሻለች ብለሽ ብቻ አትለፊያት። ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ በግራዋ በኩል ተጠጊና ንገሪልኝ። አልመጣችም ብለሽ አትጀምሪ። እርጉዝ ናት ብለሽ ጀምሪ፤ ቀጥለሽ ግፊቷ ወጥቶ ተኝታለች በያት። ከዚያ ዝም ብለሽ ጠብቂ። እንዳትመጣ በሏት የምትለው ራሷ እማዬ ናት። ይህን እንዳለች፣ ፊቷን ከበሩ መልሱላት።

ታናሽ እህትሽ

ከሆስፒታል፣ በመስኮቱ በኩል ካለው አልጋ
ኅዳር ፲፪ ቀን