ባዶ እጅሽን ነይ

ይድረስ ለባሌ እህት፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። የላክሽውን ቫይታሚን በምቀኝነት ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው መባሌን ሰምቻለሁ። ሐሰት ነው። ሰው የላከውን መጣል አልተማርኩም። ጠርሙሶቹ ክዳናቸው ጠብቆ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ተደርድረዋል። ከወንድምሽ እጅ ግን ወስጃለሁ፤ ይህኛው እውነት ነው።

አወሳሰዱን አላየሽም። ጠዋት ቁርስ ሳይቀምስ ብርቱካንማዋን ክኒን በውኃ ያወርዳትና፣ "ሳሙናዬን ዋጥኩ፤ እንግዲህ ልቆሽሽ" ብሎ ሲጋራውን ይለኩሳል። ስቆጣው "እህቴ ፈቅዳልኛለች" ይለኛል። ድሮ ግማሽ ፓኮ ይበቃው የነበረ ሰው ከቫይታሚኑ ወዲህ ሙሉውን ይጨርስ ጀመር።

ሳሉ ሲጸናበት የሳንባ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ የልጅ ልጃችንን የምታህል ናት፤ ግን አጥርታ ትናገራለች። ጭሱ ሰውነትን ከውስጥ እንደ ብረት ያዝገዋል አለችው። "ታዲያ ዝገቱን ቫይታሚኑ ይፍቅልኝ የለ እንዴ?" አላት። "አባባ፣ እኛም እንደዚያ ብለን ነበር" አለችው። ከካሮትና ከመሳሰለው ምግብ ሲገኝ መልካም ነው፤ ይህ ብርቱካንማው ግን በክኒን በብዛት ሲሰጥ በአጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር ጨምሮ ተገኘ አለች። የእሱን ካንሰር ያመጣው ይሄ ክኒን ነው እንደማትል፣ ትምባሆው ብቻውን እንደሚበቃ ደጋግማ ነግራናለች። ይህን መስመር ሁለት ጊዜ አንብቢው።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና፣ "ለእህቴ እንዳትነግሪ፤ ልቧ ይሰበራል። አንቺ ጣልሽው እላታለሁ፤ አንቺ እንደሆንሽ ትችይዋለሽ" አለኝ። ወሬው ከማን አፍ እንደወጣ አሁን ገባሽ። እስከ ዛሬ ቻልኩት።

ሲጋራውን ትቷል። ተመክሮ አይደለም፤ የሚስብበት ትንፋሽ አጥቶ ነው። ጠዋት ጠዋት "ሳሙናዬስ?" ይለኛል፤ ብርቱካን ልጬ አጎርሰዋለሁ። ትንሽ ቀምሶ በእጁ ይመልሰኛል። አላለቅስም፤ እንባዬ የት እንደሄደ አላውቅም። ሸሚዞቹን እተኩሳለሁ፤ አንገታቸው ሁሉ ሰፍቶታል።

ቶሎ ነይ። ምንም እንዳትይዢ፤ ባዶ እጅሽን ነይ። መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ዓይኑን ለማየት ያብቃሽ።

ነገ መጀመሪያ መስኮቱን እከፍታለሁ። መተርኮሻውን አጥቤ ከዓይኑ አርቀዋለሁ። ብርቱካኑን እልጣለሁ። የውስጠኛውን ክፍል አልጋ አነጥፍልሻለሁ። ጥቁር ቀሚሴንም ከሣጥን አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፤ ብል እንዳይበላው ነው።

የወንድምሽ ሚስት