ለዕጩነቴ የተነፋው ጡሩምባ

ማክሰኞ፣ ጥር 19። ጠዋት 2፡30

ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ዛሬም ወረቀት እየበላ ነው። አንድ የልደት ካርድ አኝኮ ተፋው። ደንበኛ ተሰልፏል፤ እኔ ከማሽኑ ጀርባ ተደብቄ እጽፋለሁ። ይቅር በለኝ ማስታወሻዬ፣ ሳምንት ሙሉ ዘግቼሃለሁ።

ምክንያት አለኝ። ለወረዳ ም/ቤት በግሌ ልወዳደር ነው። ይኸው ጻፍኩት! አሥራ አንድ ዓመት የሰፈሩን ማመልከቻ ተይቤያለሁ። ወደ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣው ዳገት ክረምት በመጣ ቁጥር ሰው ይጥላል፤ የድንጋይ ደረጃ ይሠራልን ብዬ ስንቴ እንደጻፍኩ እኔም ረሳሁት። መልሱ ሁልጊዜ ጉዳዩ ይታያል ነው። እስቲ እኔው ገብቼ ልየው።

ጣጣው ፊርማ ነው። የግል ዕጩ የደጋፊዎች ፊርማ ማቅረብ አለበት፤ ቀኑ የሚያበቃው የሚመጣው ሳምንት ዓርብ። እስካሁን ሰባት ሰው። አንዱ ባሌ ግርማ ነው፤ አንዷ አጠገቤ ጨርቅ የምትሸጠው ኸድጃ።

ዓርብ፣ ጥር 22። ከሰዓት 10፡00

ሰው ይስቃል፣ ይመርቃል፣ አይፈርምም። እስክሪብቶ ሲያይ ሥራ ትዝ ይለዋል።

ኸድጃ (የቅስቀሳ ኃላፊዬ፤ ራሷን በራሷ የሾመች) መላ አመጣች። እሁድ ጠዋት ሁሉንም ደጄ መሰብሰብ፤ ሰው ሲበዛ አይፈራም። ማን ይጥራ? የእድራችን ለፋፊ አያ ድሪባ አሉ አይደል! ድምፃቸው እንጦጦ ፓርክ ድረስ ይሰማል። ሄጄ ሰው ቤቴ እንዲመጣ ይጥሩልኝ አልኳቸው። ለምን እንደሆነም አልጠየቁኝ። ጎህ ሲቀድ እጀምራለሁ አሉ። እንዴት ያሉ ደግ ሰው ናቸው!

እሁድ፣ ጥር 24። ረፋድ 5 ሰዓት

 ልሳቅ ልደንግጥ እንጃ።

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ጡሩምባ። ማን ሞተ ብዬ ብድግ። ጥርሴን እየቦረሽኩ ጆሮዬን አቆምኩ። የአያ ድሪባ ድምፅ፦ “የእድር ሰዎች! ወደ ወ/ሮ ሙሉነሽ ቤት! እንዳትቀሩ!”

ማስታወሻዬ፣ የሞትኩት እኔ ነኝ!

ጥፋቱ የኔ ነው። አያ ድሪባ ዕድሜ ልካቸውን ሰው የሚጠሩት በጡሩምባ ነው፤ ጡሩምባ ደግሞ እኛ ሰፈር ሞት እንጂ ሌላ ወሬ አያወራም። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔ ብቻ ረሳሁት።

ወጣሁ። ግርማ በፒጃማው በር ላይ፤ አንድ ሽማግሌ አንገቱን አቅፈው “ቻለው፣ ወንድ ነህ” ይሉታል። ግቢው ነጠላ ባዘቀዘቁ ሴቶች ሞልቷል። የእድሩ ድንኳን እየተተከለ ነው። በአጥር ተጣልተን ሦስት ዓመት ያኮረፉኝ እትዬ የሺ ደረታቸውን እየደቁ “ማመልከቻችንን ማን ይጽፍልን!” ይላሉ። አፌ በአረፋ ተሞልቶ ብቅ ስል አዩኝ።  ሁሉም ጮኹ፣ አሁን ከልባቸው። ከዚያ ሳቅ፣ ሰው መሬት ላይ እስኪቀመጥ። እትዬ የሺ አቀፉኝ፣ ጉንጬን ቆነጠጡኝ። “አንቺ ቀጣፊ፣ እንባዬን መልሺ!”

እኔም አለቀስኩ። እንዲህ እንደሚወዱኝ አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

የፊርማው ወረቀት እዚያው ድንኳን ውስጥ ዞረ። ሞላ!

ሰኞ፣ ጥር 25። 8 ሰዓት

ጋሽ ቱፋ ሱቅ መጡ። የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። ድሮ ገበሬ ነበሩ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም መቆጣት ይችላሉ። ዛሬ በሁለቱም ተቆጡ። ድንኳኑ የሐዘን ነው፣ የምርጫ አይደለም። ለቅሶ የመጣ ሰው እምቢ ማለት ያፍራል፤ በይሉኝታ የተፈረመ ፊርማ አይባልም አሉ።

ንድድ አልኩ። ከሄዱ በኋላ አሰብኩት። እውነታቸውን ነው። ወረቀቱን ቀደድኩት። ኸድጃ ያ ረቢ ብላ ራሷን ያዘች። አራት ቀን ቀርቶናል። በየቤቱ እንዞራለን።

ሐሙስ፣ ጥር 28። 11 ሰዓት

እግሬ! እግሬ!

የሞተችው መጣች እያሉ በር ይከፍቱልናል። እትዬ የሺ መጀመሪያ ፈረሙ፤ ከዚያ በየበሩ ከእኛ ቀድመው ያንኳኳሉ። እምቢ ያሉም አሉ። ይሁን። እምቢ የሚል ስላለ ነው እሺታው የሚጥመኝ። ዛሬ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠን ቆጠርን። ኸድጃ ደግማ ቆጠረች። ሞልቷል! እልልታዋን አቀለጠችው። ከፓርኩ የሚወርዱ ሙሽሮች ለእነሱ መስሏቸው ከመኪናው መስኮት እጃቸውን አወዛወዙልን።

ዓርብ፣ ጥር 29። ጠዋት 1፡45

3 ሰዓት ላይ ምርጫ ጽ/ቤት፤ ምዝገባው 4 ሰዓት ላይ ይዘጋል። እስከዚያ ሱቅ።

ጋሽ ቱፋ ገቡ፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው። ቁጣ ጠበቅሁ። ሁለት ደብዳቤ ተይቢልኝ አሉ። አንደኛው ከእድሩ ሊቀመንበርነት መልቀቂያ። ሁለተኛው ለወረዳ ም/ቤት የግል ዕጩነት ማመልከቻ! የደጋፊ ፊርማውን እሳቸውም ቤት ለቤት ዞረው ሞልተዋል። አንቺን ሳይ ቀናሁ አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ሰፈሩ ያከብራቸዋል። ሊያሸንፉኝ ይችላሉ። ዛሬ አይመቸኝም ማለት እችል ነበር፤ ሌላ ጸሐፊ ፍለጋ መገናኛ ሲወርዱ ሰዓቱ ያልፍባቸዋል። ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ቆመ። ለአፍታ። ዋሽቼ ምን ላደርግልህ፣ ከአፍታም በለጠ።

ተየብኩላቸው። ቀኑን ተሳስተው ነበር፣ አረምኩ። መፈረም ረስተው ነበር፣ አስፈረምኳቸው። ሳቄ መጣ፤ የገዛ ተፎካካሪዬን አሳምሬ መላኬ ነው። ያሸንፉኝ እንደሆነ በድምፅ ያሸንፉኝ።

በር ላይ ቆመው ይጣራሉ። በአንድ ታክሲ እንሂድ፣ አንቺ ቅደሚ ይላሉ። የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ ልላቸው ነው፤ ታክሲው ውስጥ ለመግባት ብቻ ግን፣ ምርጫው ላይ የምቀድመው እኔ ነኝ።